ወፍራሙ ስፖንጅ ለምን አላሳረፈኝም? የሴት ብስክሌተኞች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ልብስ ናቸው፤ ስለ ሴቶች የብስክሌት ቁምጣ። ጉዳዩ የሰውነትን ስውር ክፍል ስለሚነካ ብዙ ሴቶች ባለሱቁንም፣ አሠልጣኙንም፣ ሐኪሙንም መጠየቅ ያፍራሉ። እኛ ነገሩን በስሙ እየጠራን እንመልሳለን፤ ሕመሙን ችሎ መንዳት ግዴታ አይደለምና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በብስክሌት ወደ ሥራ እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በጢስ ዓባይ መንገድ ራቅ አድርጌ እነዳለሁ። መቀመጫዬን ስላመመኝ ገበያ ላይ ካገኘሁት ሁሉ ወፍራም ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ መርጬ ገዛሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከፊት በኩል ያቃጥለኛል፣ ሲብስም ይደነዝዘኛል። ከሥር የጥጥ ፓንት እለብሳለሁ። ስፖንጁ ከዚህም የወፈረ መሆን ነበረበት?

መልስ፦ የለም፤ ያሳመመዎት ውፍረቱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሰው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ሁለት አጥንቶች ናቸው። ጠንካራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መዳፍዎን ከሥር ቢያስገቡ እንደ ሁለት ጉብታ የሚቆረቁሩዎት እነሱ ናቸው፤ የመቀመጫ አጥንት እንበላቸው። በሴቶች ላይ በአብዛኛው ከወንዶቹ ይልቅ ተራርቀው ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በብዙ ሴቶች ከ11 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእነሱ ፊት ያለው ለስላሳው የብልት ክፍል ግን ነርቭና የደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ጭነት አይችልም። ወፍራምና ልል ስፖንጅ ላይ ሲቀመጡ አጥንቶቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ የተጨፈለቀው ስፖንጅ መሄጃ ሲያጣ መሐሉ ላይ ይነፋና ያንን ለስላሳ ክፍል ከሥር ወደ ላይ ይጫነዋል። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። መደንዘዝ ነርቭና ደም መታፈናቸውን የሚናገር ምልክት ስለሆነ፣ በተሰማዎት ቁጥር ወዲያው ከኮርቻው ይነሱ።

ስለዚህ ሲመርጡ መታየት ያለበት የስፖንጁ ጥቅጥቅነት ነው። ጥሩ የብስክሌት ስፖንጅ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ከ60 እስከ 120 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩን ከቁምጣው መግለጫ ጋር ያትሙታል። እስከ አንድ ሰዓት ለሚደርስ ጉዞ ዝቅተኛው ይበቃል፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ለሚነዳ ከ80 በላይ ያለው ይሻላል። ቁጥር ካልተጻፈበት ሱቁ ውስጥ ቆመው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይፈትኑት፦ አጥንቶቹ የሚያርፉበትን የኋላውን ሰፊ ክፍል ከላይና ከታች አጥብቀው ይጫኑት። ሁለቱ ጣቶችዎ ስፖንጁ የሌለ ያህል ከተገናኙ፣ ኮርቻው ላይም አጥንትዎ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሲለቁት ቶሎ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነም ይተዉት።

ቀጥሎ ቁምጣውን ገልብጠው የስፖንጁን ቅርጽ ይመልከቱ። የሴት ስፖንጅ ከኋላ ሰፋ፣ ከፊት አጠር ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ቆዳ የሚነካ ስፌት ሊኖረው አይገባም። የወንድ ስፖንጅ ደግሞ ከፊት ረዘም ብሎ ወደ ሆድ ይወጣል፣ ከኋላም ጠበብ ይላል። ሴት ስትለብሰው አጥንቶቿ ከስፖንጁ ጠርዝ ውጭ ያርፉና ጠርዙ እንደ ገመድ ይቆርጣታል፤ ከፊት የተረፈው ደግሞ ይታጠፍና ይፈትጋታል። እኛ ገበያ ላይ የሚበዛው የወንድ ስለሆነ፣ ሻጩ «ለሁለቱም ይሆናል» ቢልዎትም ገልብጠው ሳያዩ አይግዙ።

ፓንቱን ያውልቁት። ይህ ልብስ የሚለበሰው ገላ ላይ ነው። የፓንት ላስቲክና ስፌት የሚያርፈው እግርና ብልት የሚገናኙበት እጥፋት ላይ ነው። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል ለሚመታ ሰው ይህ ማለት በሰዓት 4,800 ጊዜ አንድ ቦታ ላይ መፈተግ ነው። ጥጥ ደግሞ ላቡን ይዞ ስለሚያቆይ ቆዳው ርሶ ይለሰልስና በቀላሉ ይላጣል። የቁምጣው ስፖንጅ ላይ ያለው ስስ ጨርቅ የተሠራው ላቡን ከቆዳ ላይ እንዲያነሳ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥጥ ከገባ ሥራውን አይሠራም።

ልኩን ቆመው አይፍረዱት። የብስክሌት ቁምጣ ለቆመ ሰው ዳይፐር የታጠቀ ያህል ይሰማል፣ ወገቡም ከፊት አጭር ይመስላል። መሪ እንደያዙ ሁሉ ጎንበስ ብለው ይዩት። ያኔ ስፖንጁ በየትኛውም ቦታ ክፍተት ሳይተው ገላዎ ላይ መለጠፍ አለበት። ጎንበስ ብለው መሐሉን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ጨርቁ ከገላ የሚርቅ ከሆነ አንድ ቁጥር ይቀንሱ። የሰፋ ቁምጣ የተመቸ ይመስላል እንጂ ስፖንጁ እየተንሸራተተ የሚያቆስለው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም ካልተሻለዎት ጥፋቱ የኮርቻው ነው፤ ምንም ዓይነት ቁምጣ የጠበበ ኮርቻን አያስተካክልም። አጥንትዎን ለመለካት ከዕቃ ካርቶን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ይቁረጡ። በሁለቱ ወረቀቶቹ መሐል እንደ ሞገድ የታጠፈ ወረቀት ያለውን፣ ተጭኖ የሚሰረጉደውን ዓይነት ይምረጡ። ጠንካራ ደረጃ ላይ ያንጥፉት፣ ስስ ልብስ ለብሰው ይቀመጡበት፣ ጎንበስ ብለው ተረከዝዎን ያንሱና አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ሲነሱ ካርቶኑን ወደ መስኮት ጎን ይያዙት፤ ሁለት ክብ ስርጉዶች በጥላ ይታያሉ። የየስርጉዱን መሐል በእስክሪብቶ ነጥበው በመሐላቸው ያለውን ይለኩ። 13 ሴንቲ ሜትር ቢመጣ፣ ጎንበስ ብለው ለሚነዱ ከ15 እስከ 15.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮርቻ ይበቃዎታል፤ እንደ ከተማ ብስክሌት ቀና ብለው ከሆነ የሚነዱት ደግሞ 16 ገደማ ይፈልጉ።

ቁመቱንም ይዩ። ኮርቻው ከፍ ሲል ዳሌ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውም ይፈትጋል። ባዶ እግርዎን ከግድግዳ ተጠግተው ይቁሙ፣ መጽሐፍ በእግሮችዎ መሐል እስከ ላይ አጥብቀው ይያዙ፣ ከወለል እስከ መጽሐፉ ጀርባ ይለኩና በ0.883 ያባዙት። ለምሳሌ 74 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 65.3 ይመጣል፤ ይህ ፔዳሎቹን ከያዘው እንዝርት መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ የተነሳ ከሆነ ደግሞ አግዳሚ ያድርጉት፤ ከፊት ማቃጠሉ ካልቆመ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፣ ግን ወደ ፊት እስኪያንሸራትትዎት አይሁን። ወፍራም ቁምጣ በስሱ ሲቀየር ሰውነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ልኩን በአዲሱ ቁምጣ ደግመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሱሉልታ ደርሶ መልስ እንነዳለን፣ አምስት ሴቶች ነን። የኔ ቁምጣ አጭር ነው፤ ጭኔ ውስጥ ለውስጥ ይላጣል። አሁን ደግሞ መቀመጫዬ አካባቢ እንደ እባጭ ያለ ነገር ወጣብኝ። ጓደኞቼ ቫዝሊን ተቀቢ ይሉኛል። ፀጉርን መላጨት ይረዳል የሚሉም አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸውና ለየብቻ እንያቸው።

የጭኑ መላጥ ከቁምጣው እርዝመት ነው። ከውስጥ በኩል ያለው ስፌት ከ13 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ፔዳል ሲመታ ጨርቁ ወደ ላይ ይሰበሰብና ጠርዙ ጭንና ጭን በሚነካካበት ቦታ ላይ ይውላል። ከ18 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰውን ምረጪ፤ ሙሉ ጭን ላላት ሴት ይህ የማያወላዳ ነው። የእግሩን ጠርዝም እዪ፦ አምስት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ላስቲክ ጭንን ለሁለት ይከፍላል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከውስጡ የሲሊኮን ነጠብጣብ ያለው ማሰሪያ ግን ሳያጠብቅ ይይዛል። ሲሊኮኑ ቆዳሽን የሚያሳክክ ከሆነ ያለ ሲሊኮን የተሸመነ ሰፊ ማሰሪያ ያለውም አለ።

እባጩን በተመለከተ፣ የሚጀምረው ከፀጉር ሥር ነው። በግፊትና በላብ የታፈነች ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ይገባል፣ መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ይሆናል፣ ተነድቶበት ሲውል መግል ይቋጥራል። መላጨት ይህንን ያባብሰዋል፤ ምላጩ ቆዳውን በትንንሹ ይከፍተዋል፣ ሲያድግም ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፀጉሩ ራሱ በቆዳና በጨርቅ መካከል መከላከያ ነው። የብሪታንያ የብስክሌት ቡድን ለ2016 እ.ኤ.አ. የሪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ ለሴት ጋላቢዎቹ ከሰጠው ምክር አንዱ መላጨቱንና በሰም መንቀሉን እንዲተዉ ነበር። ማሳጠር ካሻሽ በመቀስ አሳጥሪው፣ እስከ ሥሩ ግን አትሂጂ።

አሁን ለወጣብሽ፦ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያዢበት። አታፍርጪው። እስኪድን አትንጂ፤ ሁለት ሦስት ቀን ማረፍ ሁለት ሳምንት ከመተኛት ይሻላል። ትኩሳት ካመጣብሽ፣ እያበጠና እየጠነከረ ከሄደ ወይም ከአንዱ የብልት ከንፈር ላይ ብቻ የማይመለስ እብጠት ካየሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ብስክሌት በብዛት በሚነዱ ሴቶች ላይ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ እብጠት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ሐኪምሽ ከምን እንደመጣ እንዲያውቅ ብስክሌት እንደምትነጂ ንገሪው።

ቫዝሊኑን አንመክርም። ስፖንጁ ላይ ያለው ጨርቅ ውስጥ ይገባና ላብ እንዳያሳልፍ ይደፍነዋል፣ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ለብስክሌት ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ካገኘሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃሻል። የምትቀቢው በእግርና በብልት መካከል ባለው እጥፋት፣ በጭን ውስጠኛ ክፍልና የስፖንጁ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ሜንቶል ያለበትን፣ «ያቀዘቅዛል» የሚባለውን ዓይነት አትንኪ፤ ሴት ላይ ያቃጥላል። ሽቶ ያለበትንም ተዪው። እሱ ከታጣ ከፋርማሲ የሚገኘው የሕፃናት የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ይሠራል። ነጭ ምልክት ይተዋል እንጂ ቆዳን በደንብ ይጋርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ለብስክሌት ተብሎ የሚሸጠው ክሬም መጀመሪያ የተፈለሰመው ለሰው ቆዳ አልነበረም። ድሮ የብስክሌት ቁምጣ ሱፍ ነበር፤ መቀመጫው ላይ የሚሰፋውም ሻሞይ ከሚባለው የአውሮፓ ተራራ እንስሳ፣ የኛ ዋልያ ሩቅ ዘመድ ከሆነው፣ የተዘጋጀ ቆዳ ነበር። ያ ቆዳ ሲታጠብ እንደ ጠፍር ይደርቃል፤ ጋላቢዎቹ የሚቀቡት እሱን ለማለስለስ ነበር። የሚለጠጠው ሰው ሠራሽ ክር፣ ላይክራ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ከተሠራ በኋላ ሱፉም ቆዳውም ቀስ በቀስ ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ ቅባት የሚያስፈልግሽ የሚፈትግሽ ነገር ካለ ብቻ ነው፤ ካልፈተገሽ አያስፈልግሽም።

ከሁሉ በላይ ግን ሱሉልታ ደርሳችሁ ቡና ስትጠጡ በዚያው በረጠበ ቁምጣ አትቀመጪ። መንዳቱ ያበቃ ዕለት ቤት ሳትደርሺ ቀይሪው። ደረቅ ልብስና እርጥብ መጥረጊያ በጀርባ ኪስ ይያዛል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። በጋ ላይ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለውን 72 ኪሎ ሜትር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመንዳት እየተዘጋጀሁ ነው። በትከሻ የሚንጠለጠለውን ቢብ ልግዛ ወይስ የወገቡን? ቢቡ ያምረኛል፣ ግን ሽንት ቤት ስገባ ሙሉ በሙሉ መራቆት አለብኝ ይሉኛል።

መልስ፦ ለዚህ ርቀት ቢቡን እንመርጥልሻለን። የወገብ ቁምጣ ላስቲክ ጎንበስ ስትይ ሆድ ላይ ታጥፎ ይጨቁናል፤ ሦስተኛው ሰዓት ላይ መተንፈስም መብላትም ያስጠላል። ቢብ ደግሞ ስፖንጁን ከላይ ይዞ ስለሚያንጠለጥለው ከኮርቻ በተነሳሽ ቁጥር ቦታውን አይስትም። ቄሳራዊ ቀዶ ሕክምና ያደረገች፣ ወይም ሆዷ አካባቢ ማጥበቅ የማትወድ ሴት ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ትለየዋለች።

የሽንት ቤቱ ጭንቀት ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ ሦስት ዓይነት መፍትሔ አለ። አንዱ አንገት ላይ ብቻ የሚያልፍ አንድ ማንጠልጠያ ነው፤ በጭንቅላት ላይ አሳልፎ ማውረድ ነው። ሁለተኛው ከጀርባ በማግኔት ወይም በመቆለፊያ የሚላቀቅ ነው። ሦስተኛው ማንጠልጠያው ሳይነካ ከኋላ በኩል ወገቡ ብቻ ተስቦ እንዲወርድ ተደርጎ ጨርቁ የተቆረጠ ነው። እኛ የምናደላው ለሦስተኛው ነው፤ የሚበላሽ ዕቃ የለውም። መቆለፊያው የጀርባ አጥንት ላይ የሚውል ከሆነ ቦርሳ ስትይዢ ይወጋሻል፤ ዚፕ ያለውም ዚፑ ጎን ላይ እንጂ መቀመጫ ሥር እንዳይሄድ አረጋግጪ። ሱቅ ውስጥ ስትለኪው ከነላይኛው ልብስሽ ሽንት ቤት እንደገባሽ አድርገሽ አንዴ ሞክሪው፤ ከ30 ሰከንድ በላይ ከወሰደብሽ መንገድ ላይ ትሰለቺዋለሽ።

ማንጠልጠያው ጡትሽ ላይ ሳይሆን በጡትሽ ጎን ወይም መሐል ማለፍ አለበት። ቆመሽ ትከሻሽን ሳብ የሚያደርግ መሆኑ አያስደንግጥሽ፤ ጎንበስ ስትይ ይለቃል። ጎንበስ ብለሽም የሚጎትትሽ ከሆነ አጭር ነው። ቁጥሩን ደግሞ በቀሚስ ልክሽ አትገምቺ። የጣሊያን መለኪያ ጠበብ ስለሚል ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ወገብሽን፣ ዳሌሽን ሰፊው ቦታ ላይ እና የጭንሽን ዙሪያ በሜትር ለክተሽ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር አስተያዪ። ሦስቱ ካልተስማሙ ዳሌው ይወስን። በኢንተርኔት የምትገዢ ከሆነ ሁለት ቁጥር አዝዘሽ አንዱን መመለስ ከሚፈቅድ ሱቅ ግዢ። አዲሱን ልብስ ደግሞ ለዚያ ቀን ብለሽ አታስቀምጪው፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተሽበት ሂጂ።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ሴት ደንበኞች የብስክሌት ቁምጣ ስፋልን እያሉኝ ነው። አንዱን ሞክሬ ከመርካቶ በገዛሁት ላይክራ ሰፋሁ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ አስገባሁበት። ደንበኛዬ ስፌቱ ተበጠሰ፣ ስፖንጁም ውኃ ቋጠረ ብላ መለሰችው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሥራውን በመጀመርዎ ደስ ብሎናል፤ በልኩ የሚሰፋ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ስሕተቶቹም የሚታረሙ ናቸው።

የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ አይሆንም። የተለመደው ዓይነት በኪዩቢክ ሜትር ከ20 እስከ 35 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት በደቂቃዎች ውስጥ ይጣበቃል። ቀዳዳዎቹም ክፍት ስለሆኑ ላቡን እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይጠጣል። ተዘጋጅቶ፣ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን ስስ ከንፈር ተበጅቶለት የሚሸጠውን የሴት የብስክሌት ስፖንጅ ለብቻው ያስመጡ። እሱ ከታጣ፣ ስፖንጁ ያልተጎዳ አሮጌ ቁምጣ ከሰልባጅ ፈልጎ በጥንቃቄ መፍታት ይቻላል። በሙቅ ውኃ ሳይሆን በ30 ዲግሪ አጥበው ይጠቀሙበት።

ጨርቁን ሲገዙ አሥር ሴንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉበትና በርዝመትም በስፋትም ይሳቡት። በሁለቱም አቅጣጫ ቢያንስ 15 መድረስ፣ ሲለቁትም ወደ አሥር መመለስ አለበት። በአንድ ወገን ብቻ የሚለጠጠውን ይተዉት። መለያው ላይ ከ70 እስከ 80 በመቶ ናይለን፣ ቀሪው ላይክራ የሚል ካገኙ እሱ ነው። ሲስቡት ውስጡ የሚታይ ከሆነ ብስክሌት ላይም ይታያል።

ስፌቱ የተበጠሰው በቀጥታ ስፌት ስለሰፉት ነው። ጨርቁ ይለጠጣል፣ ክሩ አይለጠጥም። ባለ አራት ክር ኦቨርሎክ ካለዎት መገጣጠሚያውን በእሱ ያድርጉት፤ ከሌለ ዚግዛግ፣ ስፋቱ ሦስት፣ እርምጃው ሁለት ሚሊ ሜትር። መርፌው ጫፉ ያልሾለ የላይክራ መርፌ፣ ቁጥሩ 75/11 ይሁን። ሹል መርፌ የላይክራውን ክር ይበጥሰዋል፤ ቀዳዳው የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው። ክሩ ፖሊስተር እንጂ ጥጥ አይሁን። ቁራጭ ላይ ሰፍተው እስከ መጨረሻው ይሳቡት፤ ጠስ ካለ የክሩን ጥብቀት ያላሉ።

ልኩ ከሰውነቱ ማነስ አለበት። ዳሌዋ 100 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ጨርቁ ከ85 እስከ 90 ይቆረጣል። የጀርባው ወገብ ከፊቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ይጋለጣል። አራት ስፌት አንድ ነጥብ ላይ መሐል ለመሐል እንዳይገናኝ፣ እንደ ሰፊ ቅጠል የተቆረጠ ቁራጭ መሐሉ ላይ ያስገቡ።

ዋናው ነገር የስፖንጁ ቦታ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ገምተው አይስፉት። ደንበኛዋ ቁምጣውን ያለ ስፖንጅ ትልበስ፣ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣ መሪውን ትያዝ፤ አጥንቶቿ የሚያርፉበትን ሁለት ቦታ ራሷ በጣቷ ፈልጋ በጠመኔ ትንካው። ሲወልቅ የስፖንጁ ሰፊና ጥቅጥቅ ክፍል መሐል በእነዚያ ሁለት ምልክቶች ላይ ይዋል። በስፒል ሲይዙት ጨርቁን በትንሹ እየለጠጡ ይያዙ፣ አለበለዚያ ስፖንጁ ቁምጣው ውስጥ ይቦረቦራል። መስፋት ያለብዎት ስሱን ከንፈር ብቻ ነው፣ ዙሪያውን፣ በዚግዛግ። ስፖንጁን እንዲይዝ ብለው መሐሉን አይውጉት፤ በስፖንጁ ላይ ያለፈ ስፌት እንደ ሽቦ ይጠነክርና የመጀመሪያው ቀን ላይ ቆዳ ይቆርጣል። ከጨረሱ በኋላ እጅዎን ከውስጥ አስገብተው በጀርባ እጅዎ ያዳብሱት። ለእጅዎ ጀርባ የሻከረው ክር ለእሷም ይሻክራል፤ ቆርጠው ያቃኑት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ዱባይ እሠራለሁ፣ በዕረፍቴ ቀን በአል ቁድራ የብስክሌት መንገድ እነዳለሁ። የተጣበቀ ልብስ ከላይ መልበስ አልፈልግም። በሰፊ ሱሪ ስነዳ ደግሞ መቀመጫዬን ያመኛል።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህታችን። ሁለቱን መተው የለብሽም። የስፖንጅ ቁምጣውን ከሥር፣ ሰፊውን ልብስ ከላይ ልበሺ። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ፣ ሰውነቱ ከወንፊት ጨርቅ የሆነ የውስጥ ቁምጣ አለ፤ ለዱባይ ሙቀት ከተራው ላይክራ ይቀላል። ከላይ የምትለብሺው ሱሪ ግን ብልት ሥር ወፍራም ስፌት ሊኖረው አይገባም። ጂንስ በጭራሽ አይሁን፤ አራቱ ስፌቶቹ የሚቋጠሩት ልክ በማይሆነው ቦታ ላይ ነው። ስስ፣ ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጠበብ ያለ ምረጪ። የቀኝ እግሩን በማሰሪያ ያዢው፣ ካቴናው የሚበላው እሱን ነው። ረጅም ቀሚስ ከሆነ የካቴና መሸፈኛና ለኋላ ጎማ መረብ አስገጥሚ፤ የሂጃብሽን ጫፍም ወደ ልብስሽ ውስጥ አስገቢው። ሁለት ልብስ ሲደራረብ ላቡ ስለሚጨምር፣ በበጋው ፀሐይ ሳይወጣ ጀምረሽ፣ እንደጨረስሽ ወዲያው ቀይሪ።

ጥያቄ፦ በወር አበባዬ ጊዜ ሞዴስ አድርጌ ብነዳ ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለአጭር ጉዞ ይሆናል፤ ለረጅም ግን ክንፎቹ ይጠቀለሉና ጠርዛቸው ይፈትጋል። ወደ ብልት ውስጥ የሚገባውን ታምፖን ወይም የወር አበባ ኩባያ የምትጠቀሚ ከሆነ ቁምጣው ውስጥ የሚነካሽ ነገር አይኖርም፤ ታምፖኑን ግን ከስምንት ሰዓት በላይ አታቆዪው። ሞዴስ ብቻ ከሆነ ያለሽ፣ ስሱንና ረጅሙን ምረጪ፤ ቁምጣው ስፖንጅ ላይ በቀጥታ አትለጥፊው፣ ሙጫው ጨርቁን ይነቅለዋል። ፓንት አይለበስም ያልነው እዚህ ላይ ብቻ ይቀራል፦ ስፌት የሌለው፣ ጥጥ ያልሆነ፣ ልክሽ የሆነ ስስ ፓንት ልበሺና እሱ ላይ ለጥፊው።

ጥያቄ፦ ቁምጣዬ ሲገዛ ምቹ ነበር፤ በአራት ወሩ ስፖንጁ ደረቀ፣ እግሩም ላላ። በኦሞና በሙቅ ውኃ አጥቤ ሽታው እንዲጠፋ ትንሽ በረኪና እጨምርበታለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

መልስ፦ በረኪናው፣ ሙቁ ውኃና ፀሐዩ ሦስቱም ላይክራውን ይበሉታል። ሽታው የሚመጣው ቁምጣው ሳይታጠብ ስለሚያድር ነው፤ በነዱበት ዕለት ካጠቡት በረኪና አያስፈልገውም። ገልብጠው፣ ስፖንጁን ወደ ውጭ አድርገው፣ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ያሹት፤ ማሽን ከሆነ በ30 ዲግሪ። ኦሞ ከሆነ ያለዎት መጀመሪያ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያሟሙት፤ ያልሟሟው ፍሬ ስፖንጁ ውስጥ ይቀርና ሲደርቅ ያጠነክረዋል፣ በላብ ሲርስ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። ውኃው እስኪጠራ ሦስቴ ያለቅልቁት። የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩ፣ ላብ የሚያሳልፈውን ጨርቅ ይደፍነዋል። አይጠምዝዙት፤ ስፖንጁ ይሰነጠቃል። በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት፣ ከዚያ ገልብጠው ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይስቀሉት። ስፖንጁ ለመድረቅ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ስለሚችል፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ለሚነዳ ሁለት ቁምጣ ማፈራረቅ ይሻላል።

አሁን ያለዎትን ለማዳን ግን ጊዜው ያለፈ ይመስለናል። መስኮት ጋ ይዘው መቀመጫውን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርገው ወደ ብርሃን ይመልከቱት፤ ነጫጭ የተበጣጠሱ ክሮች ከታዩዎት ወይም የመስኮቱ ፍሬም በጨርቁ ውስጥ ከተለየ፣ ላይክራው አልቋል።